የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ደረጃውን የጠበቀ» ፋይል ለምን በሌላ ፕሮግራም ይጎድላል?

ጥያቄ፦ በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እኛ ሰንጠረዦቻችንን የምናዘጋጀው በሊብሬኦፊስ ነው፤ ኦዲተሮቻችን የሚጠቀሙት ደግሞ ኤክሴል ነው። ሁለቱም ፕሮግራሞች «ኦፕን ዶኩመንት» የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ እንደሚያከብሩ ተነግሮናል። ሆኖም ፋይሎቻችን ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግረው ሲመለሱ አንዳንድ ነገር ይጎድላቸዋል። በቅርቡ ደግሞ የብዙ ዓመት ፋይል ከፍተን ቁጥሮቹ እንዳሉ ሆነው ቀመሮቹ በሙሉ ጠፍተው አገኘናቸው። ሁለቱም ደረጃውን ካከበሩ ስሕተቱ የማን ነው?

መልስ፦ አንድ ፕሮግራም ደረጃውን ማክበሩና ሁለት ፕሮግራሞች እርስ በርስ መግባባታቸው የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ደረጃ የሚገዛው በውስጡ የተደነገገውን ብቻ ስለሆነ፣ ዝም ባለበት ቦታ እያንዳንዱ አምራች የመሰለውን ቢያደርግ ደረጃውን ጥሷል ለማለት ያስቸግራል፤ ጉዳቱ ግን ፋይሉን በሚቀባበሉት ሰዎች ላይ ይደርሳል። የቀመሮቻችሁ መጥፋት ከዚህ ጋር የተያያዘ ሳይሆን ስለማይቀር ታሪኩን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦፕን ዶኩመንት በ2005 ኦአሲስ በተባለው የደረጃ አውጪዎች ማኅበር ጸደቀ፤ በ2006 ደግሞ የዓለም አቀፉን የደረጃዎች ድርጅት ተቀባይነት አግኝቶ አይኤስኦ 26300 የሚል ቁጥር ተሰጠው። የመጀመሪያዎቹ እትሞቹ፣ ማለትም 1.0 እና 1.1፣ ስለ ጽሑፍ፣ ስለ ሰንጠረዥና ስለ ሥዕል አቀማመጥ በሰፊው ቢደነግጉም፣ በሰንጠረዥ ውስጥ የሚገባው ቀመር በምን ሥርዓት እንደሚጻፍና እያንዳንዱ ቀመር ምን እንደሚያሰላ የተሟላ ድንጋጌ አልነበራቸውም። ቀመሩ በየትኛው አጻጻፍ እንደተጻፈ የሚያሳይ ምልክት በፊቱ እንዲቀመጥ መከሩ፤ አጻጻፉን ራሱን ግን ለአምራቾች ተዉት። ስለዚህ የሊብሬኦፊስ ቀዳሚ የሆነው ኦፕንኦፊስ የራሱን ምልክት እያስቀደመ በራሱ አጻጻፍ ቀመር ይጽፍ ጀመር፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም ያንን አጻጻፍ አጥንተው ተከተሉት። በተግባር ሁሉም ይግባቡ ስለነበር የደረጃው ክፍተት ለብዙ ሰው አልታየም።

ክፍተቱ የታየው በሚያዝያ 2009 ማይክሮሶፍት ለኦፊስ 2007 ባወጣው ሁለተኛ የማሻሻያ ጥቅል ኦፕን ዶኩመንትን ማንበብና መጻፍ ሲጀምር ነው። ኤክሴል በኦፕንኦፊስ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ሲከፍት ቀመሩን ትቶ በመጨረሻ የተሰላውን ውጤት ብቻ ያስቀር ነበር። ራሱ ሲጽፍ ደግሞ የራሱን ምልክት አስቀድሞ በራሱ የቀመር አጻጻፍ ይጽፍ ነበር። ነገሩ ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ ደረጃው ተጥሷል ያሉ ነበሩ፣ ደረጃው የቀመርን ነገር ስላልወሰነ የተጣሰ ነገር የለም ያሉም ነበሩ። ክርክሩ በየትኛውም በኩል ቢፈታ፣ ፋይሉን ከፍቶ አንድ ቁጥር ካረመ በኋላ መልሶ ያስቀመጠ የሒሳብ ሠራተኛ ቀመሮቹን ለዘለቄታው አጥቷል። የእናንተም አሮጌ ፋይል በዚያ ዘመን በነበረ ኤክሴል ተከፍቶ እንደገና ተቀምጦ ከሆነ የደረሰበት ይኸው ነው። እንዲህ ከሆነ ቀመሮቹ በፋይሉ ውስጥ ተደብቀው አልቀሩምና በማንኛውም ፕሮግራም ፈልጋችሁ አታገኟቸውም። ከዚያ በፊት የተቀመጠ ቅጂ ካላችሁ እርሱን ፈልጉ፤ ከሌላችሁ ቀመሮቹን እንደገና መጻፍ ግድ ነው።

ስሕተቱ የማን ነው ላሉት፣ በእኔ እምነት ሁለቱም ወገኖች ድርሻ አላቸው። ያለ ቀመር ምንም ሊሠራ የማይችለውን የሒሳብ ሰንጠረዥ የልውውጥ ደረጃ አወጣን ብሎ ቀመሩን ሳይወስኑ መተው ከባድ ጉድለት ነበር፤ ጉድለቱ የተሞላው በ2011 በወጣው እትም 1.2 ሲሆን፣ በውስጡ ኦፕንፎርሙላ የሚባለው ክፍል የቀመሮችን አጻጻፍና ትርጉም በዝርዝር ደነገገ። በሌላ በኩል፣ ሁሉም የሚጠቀምበት አጻጻፍ በገሃድ እያለ ቀመርን ያህል ነገር መጣል የተጠቃሚውን ሥራ ከማክበር ጋር የሚሄድ ምርጫ አይደለም። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2013ን ሲያወጣ እትም 1.2ን ተቀብሏል፤ ስለዚህ ዛሬ የምታዘጋጇቸው ፋይሎች በዚያ መንገድ ቀመራቸውን አያጡም።

ታዲያ ዛሬም የሚጎድለው ምንድን ነው? እዚህ ላይ የምንመጣው ወደ ቅጥያ ነው። ቅጥያ ማለት አንድ አምራች ደረጃው ያላወቀለትን አዲስ ነገር በፋይሉ ውስጥ በራሱ ምልክት የሚጽፍበት ተጨማሪ ክፍል ነው። የኦፕን ዶኩመንት እትም 1.2 ሁለት ዓይነት ሰነዶችን ለይቶ ያስቀምጣል፦ በደረጃው የተደነገገውን ብቻ የያዘ ሰነድ አንዱ ሲሆን፣ ሌላው ከዚያ ውጭ የሆኑ ክፍሎች የተጨመሩበት «የተራዘመ» ሰነድ ነው። ሊብሬኦፊስ ምንም ሳትነኩት የሚያስቀምጠው ሁለተኛውን ነው። ይህን ለማረጋገጥ «ቱልስ» ከሚለው ዝርዝር «ኦፕሽንስ»ን፣ ቀጥሎም «ሎድ/ሴቭ» እና «ጄኔራል» የሚሉትን ከፍታችሁ የኦዲኤፍ (የኦፕን ዶኩመንት) እትም የተመረጠበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ከእትሙ ቁጥር አጠገብ «ኤክስቴንድድ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ኤክሴል እነዚህን ተጨማሪ ክፍሎች ስለማያውቃቸው ያልፋቸዋል፣ ፋይሉን መልሶ ሲጽፍም አይጽፋቸውም። ከእናንተ ሄዶ የተመለሰው ፋይል የጎደለው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስል ቅጥያን ሁሉ ለመኮነን አይደለም። ደረጃ የሚዘጋጀው በኮሚቴ ስለሆነ ዓመታት ይወስዳል፤ የሰው ፍላጎት ደግሞ ያንን ያህል አይጠብቅም። ሊብሬኦፊስ በቅጥያነት የጀመራቸውን ነገሮች ለኮሚቴው እያቀረበ ወደ ደረጃው እንዲገቡ ሲያደርግ ቆይቷል፤ በኦፕንፒጂፒ ቁልፍ ሰነድን የመመስጠር ዘዴ በ2021 በጸደቀው እትም 1.3 ውስጥ የገባው በዚህ ዓይነት ጉዞ ነው። ልዩነቱ ያለው ቅጥያው በሚያደርገው ነገር ላይ ነው። በአንድ ውል ኅዳግ ላይ «ይህ ውል በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቷል» ተብሎ ቢጻፍ ኅዳጉን ያላነበበ ሰው ውሉን አይስትም፤ «ከላይ ያለው ገንዘብ በሺህ ይባዛል» ተብሎ ቢጻፍ ግን ኅዳጉን ያላየው ሰው ያነበበው ሌላ ውል ነው። ቅጥያውም እንዲሁ ቢነቀል፣ የቀረው በደረጃው የተጻፈው ክፍል ትርጉሙ ሳይዛባ መቆም አለበት። ይህን የማያሟላ ቅጥያ፣ አምራቹ በደረጃው ስም ማኅተም ቢያደርግበትም፣ ልውውጡን ከውስጥ የሚያፈርስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኦዲተሮቻችሁ «እንግዲያውስ በኤክሴል ፎርማት ይላክልን» ቢሉ ችግሩ አይፈታም። የኤክሴል ፎርማትም በ2008 አይኤስኦ 29500 ተብሎ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል፤ በውስጡም ጥብቅና ሽግግራዊ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ኤክሴል ካልታዘዘ በቀር የሚያስቀምጠው የቀድሞ አሠራሮችን የተሸከመውን ሽግግራዊውን ነው። በየጊዜው የሚጨመሩ አዳዲስ ቀመሮችም ለብቻቸው ምልክት ይደረግባቸዋል፤ አዲስ ቀመር ያለበትን ፋይል በአሮጌ ኤክሴል ስትከፍቱ ከቀመሩ ስም ፊት «ኤክስኤልኤፍኤን» የሚሉ እንግዳ ፊደላት የምታዩት ለዚህ ነው።

ለእናንተ የምመክረው የሥራ ፋይላችሁን እንደለመዳችሁት ይዛችሁ፣ ለኦዲተሮች የምትሰጡትን ቅጂ ግን «ኤክስቴንድድ» ያልተባለውን እትም መርጣችሁ እንድታስቀምጡ ነው። ያንን ቅጂ ከመላካችሁ በፊት ራሳችሁ መልሳችሁ ክፈቱት፤ የሚጎድል ነገር ካለ እዚያው ታዩታላችሁ። ከእነርሱ የተመለሰውን ፋይል ደግሞ በዋናው ፋይል ላይ አትደርቡት።

ጥያቄ፦ የአንድ ሆስፒታል የግዥ ኮሚቴ አባል ነኝ። የኤም አር አይ መሣሪያ ለመግዛት ጨረታ እያዘጋጀን ነው። በቀደሙት ጨረታዎች አቅራቢዎች ሁሉ «መሣሪያው ዳይኮምን (የሕክምና ምስል መለዋወጫ ደረጃውን) ይደግፋል» ብለው ይጽፉ ነበር፤ እኛም በዚያ ረክተን እናልፍ ነበር። የራዲዮሎጂ ሐኪሞቻችን ግን በአንዱ መሣሪያ የተነሣ ምስል በሌላው ላይ ሲታይ አንዳንድ መለኪያዎች አይገኙም ይላሉ። በጨረታ ሰነዱ ላይ ምን ብለን ብንጽፍ ይሻላል?

መልስ፦ «ዳይኮምን ይደግፋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብቻውን በጨረታ ሰነድ ላይ ዋጋ የለውም። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅና የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር በ1985 ያወጡት የመጀመሪያ ደረጃ ተሻሽሎ በ1993 ዳይኮም የሚለውን ስም ያገኘው ይህ ደረጃ እጅግ ሰፊ ነው፤ ከራጅ እስከ አልትራሳውንድ፣ ከምስል መላክ እስከ ማተም ብዙ አገልግሎቶችን ስለሚያካትት፣ ሁሉንም የሚያሟላ መሣሪያ የለም፣ እንዲያሟላም አይጠበቅበትም። ደረጃውን ያወጣው አካልም መሣሪያዎችን ፈትሾ የምስክር ወረቀት አይሰጥም። በዚያ ፋንታ እያንዳንዱ አምራች የትኞቹን አገልግሎቶች፣ በላኪነት ነው ወይስ በተቀባይነት፣ በምን ሁኔታ እንደሚያሟላ የሚዘረዝር የተስማሚነት መግለጫ እንዲያወጣ ደረጃው ያዝዛል። የምትጠይቁት ይህንን ሰነድ ነው፤ እርሱም ስለ አምራቹ በጠቅላላው ሳይሆን ልትገዙት ስላሰባችሁት ሞዴልና አብሮት ስለሚመጣው የሶፍትዌር እትም የሚናገር መሆን አለበት። የመግለጫው ርዝመት በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ሊሆን ስለሚችል፣ ከኮሚቴው ጋር የባዮሜዲካል መሐንዲስና የምስል ማከማቻ ሥርዓታችሁን የሚያስተዳድር ባለሙያ ቁጭ ብለው እንዲያነቡት ጊዜ ስጧቸው።

ሐኪሞቻችሁ የሚሉት የመለኪያ መጥፋት ከግል ቅጥያ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በዳይኮም ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ መረጃ፣ የታካሚው ስም ቢሆን የምስሉ ውፍረት፣ በጥንድ ቁጥር ይለያል። ከጥንዱ የመጀመሪያው ተጋማሽ ከሆነ መረጃው የደረጃው ነው፤ ጎዶሎ ከሆነ የአምራቹ የግል ነው። ዘዴው ቀላልና ብልህ ነው፤ የትኛው የጋራ፣ የትኛው የግል እንደሆነ ማንኛውም ፕሮግራም በአንድ እይታ ይለየዋል። ችግሩ የሚጀምረው ለምርመራ የሚያስፈልግ ነገር በግል ቁጥሮች ውስጥ ሲቀመጥ ነው። በአንጎል ምርመራ፣ በተለይም ስትሮክን ለመለየት በሚያገለግለው የዲፊውዥን ኤም አር አይ፣ ምስሉ በምን ያህል «ቢ-ቫልዩ» (የዲፊውዥን ጥንካሬ መለኪያ) እንደተነሣ ማወቅ ግድ ነው። ዳይኮም ለዚህ መለኪያ የጋራ ቁጥር አለው፤ ሆኖም ታላላቆቹ አምራቾች ለብዙ ዓመታት በየራሳቸው የግል ቁጥር ያስቀምጡት ነበር፣ በዚያ ዘመን የተነሡ ምስሎችም እስከ ዛሬ በየሆስፒታሉ ማከማቻ ውስጥ አሉ። የአንዱን አምራች የግል ቁጥር የማያውቅ ማሳያ ምስሉን አሳምሮ ያወጣዋል፤ መለኪያውን ግን አያገኘውም።

ዳይኮም ስለ ቅጥያ የደነገገው ነገር ለመጀመሪያው ጠያቂያችን ከሰጠሁት መመዘኛ ጋር ይስማማል። አንድ አምራች በታወቀ የምስል ዓይነት ላይ የግል መረጃ ሲጨምር፣ የተጨመረው መረጃ በደረጃው ያለውን የማናቸውንም መረጃ ትርጉም መለወጥ የለበትም፤ የግል መረጃው እንደ ግዴታ ተደርጎ መቅረብም የለበትም። ከዚህ አልፎ የራሱን ሙሉ የፋይል ዓይነት መፍጠር የሚፈልግ አምራች ይህን ማድረግ ይችላል፤ ነገር ግን በተለየ መለያ ሊያስታውቀው ይገባል፣ ሌላ አምራች የሠራው ማሳያም እንዲህ ያለውን ፋይል መክፈት አይጠበቅበትም። በተስማሚነት መግለጫው ውስጥ እንዲህ ያሉ የግል ዓይነቶች ተዘርዝረው ስታገኙ ቆም በሉ፤ በእነርሱ የሚቀመጠው ምን እንደሆነና ያለ እነርሱ የምርመራው ውጤት የተሟላ መሆኑን አቅራቢው በጽሑፍ እንዲያስረዳ ጠይቁ።

በጨረታ ሰነዱ ላይ እንዲሰፍሩ የምመክራቸው ግዴታዎች ጥቂት ናቸው። አቅራቢው የተስማሚነት መግለጫውን ከጨረታው ሰነድ ጋር ያያይዝ፤ የሚጠቀምባቸውን የግል ቁጥሮች በሙሉ ከነትርጉማቸው ያስረክብ፤ ደረጃው የጋራ ቁጥር ላዘጋጀለት መለኪያ ሁሉ መሣሪያው የጋራውን ቁጥር እንዲሞላ በውል ይገደድ። ርክክቡም አሁን ካላችሁ የምስል ማከማቻ ጋር፣ በእናንተው ሆስፒታል ውስጥ፣ ምስል ልኮና መልሶ አምጥቶ በማሳየት ይፈጸም። ከሁሉ አብልጬ የማሳስበው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ሁለት መግለጫዎች በወረቀት ላይ ተስማምተው መሣሪያዎቹ ሳይግባቡ ሊቀሩ ይችላሉና፣ ክፍያው ሳይጠናቀቅ በፊት ፈትሹ።

አንድ ነገር ልጨምር። ምስሎችን ለትምህርት ወይም ለምርምር ስታካፍሉ የታካሚውን ስም ከታወቀው ቦታ መሰረዝ አይበቃም፤ በግል ቁጥሮች ውስጥ አምራቹ ስሙን ወይም የካርድ ቁጥሩን ደግሞ ጽፎት ሊሆን ይችላል። የዳይኮም የማንነት ማጥፊያ መመሪያ ደኅንነታቸው የታወቀውን ለማስቀረት ካልተመረጠ በቀር የግል ቁጥሮችን በጠቅላላ አስወግዱ የሚለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ከሌሎች ድርጅቶች ጋር በመሆን ክሊኒኮች የላቦራቶሪ ውጤት የሚለዋወጡበት ፎርማት እየነደፍን ነው። ከላይ የተነሡት ዓይነት ችግሮች እንዳይመጡብን ቅጥያን ፈጽሞ ብንከለክል አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። የከለከላችሁት ቅጥያ «ማስታወሻ» በሚለው ክፍት ቦታ ውስጥ ተደብቆ ይመጣል፤ አንዱ ክሊኒክ የስልክ ቁጥር፣ ሌላው የናሙና ቀን ይጽፍበትና የትኛውም ፕሮግራም ሊለየው የማይችል ቅጥያ ይሆናል። ኤችኤል7 የተባለው የጤና መረጃ ደረጃ ሁለተኛ ትውልዱ ስሙ በ«ዜድ» የሚጀምር ማንኛውም ክፍል የተቋሙ የግል እንዲሆን ፈቅዷል፤ ሥርዓት ያለው በር ከፍቶ መስጠት ከመከልከል የተሻለ መሆኑን ያሳያል።

ይሁን እንጂ ለበሩ ሁለት መጋረጃ ሳይሆን ሁለት ሕግ አብጁለት። አንደኛው፣ ተቀባዩ የማያውቀውን ቅጥያ ምን እንደሚያደርግ መወሰን ነው። የኤችኤል7 አዲሱ ደረጃ፣ ፋየር፣ ተራ ቅጥያንና ትርጉም የሚለውጥ ቅጥያን በተለያየ ስም ይጠራቸዋል። ተራውን ተቀባዩ ሊያልፈው ይችላል። «ይህ መድኃኒት አልተሰጠም» እንደ ማለት ያለ ዋናውን ቃል የሚገለብጥ ሲሆን ግን በሁለተኛው ስም መጻፍ አለበት፤ ያልገባው ተቀባይም መዝገቡን እንደ ተራ መዝገብ ሊሠራበት አይገባም። ይህን አሠራር ለእናንተም እመክራለሁ።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። በኢንተርኔት ደረጃዎች ለረጅም ጊዜ የግል ወይም የሙከራ ስም በ«ኤክስ» ፊደልና በጭረት እንዲጀምር ይደረግ ነበር። ሐሳቡ መልካም ቢመስልም፣ የሙከራው ስም ሲለመድና በኋላ ደረጃው ያለ «ኤክስ» ሲቀበለው፣ ፕሮግራሞች ሁለቱንም ስሞች ለዘለዓለም መሸከም ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ በ2012 የወጣው አርኤፍሲ 6648 የተባለው የኢንተርኔት ደረጃዎች ሰነድ ለአዲስ ስሞች ይህ ልማድ እንዲቀር መከረ። እናንተም «ጊዜያዊ» የሚል ምልክት አትፍጠሩ፤ እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ የድረ ገጽ አድራሻ የሚጀምር ስም ይጠቀም፣ ስሙና ትርጉሙም ሁላችሁ በምታዩት መዝገብ ላይ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ በውጭ አገር የምንኖር የጉራጌ ተወላጆች ነን፤ በሰባት ቤት ጉራጌኛ የተጻፉ የቆዩ ጽሑፎችን እየሰበሰብን ነው። በአንዳንዶቹ ፋይሎች ውስጥ የአማርኛው ፊደል ይነበባል፣ ለቋንቋችን የተለዩት ፊደላት ግን ባዶ ሳጥን ይሆናሉ። ፊደላቱ ጠፍተዋል ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፉም። ሁለት ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። የግዕዝ ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል የጋራ ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 በወጣው እትም 3.0 ቢሆንም፣ ለሰባት ቤት የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ፊደላት የተካተቱት በ2005 ነው፤ ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚሆኑት በ2010፣ ሌሎች የጉራጌኛ ፊደላት ደግሞ በ2021 ተጨምረዋል። ፋይላችሁ እነዚህን የጋራ ቁጥሮች የሚጠቀም ከሆነ የጎደለው ፊደላቱን የያዘ ፎንት ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ፎንት ስትጭኑ ሳጥኖቹ ይሞላሉ።

ፋይሉ የተጻፈው ፊደላቱ ከመካተታቸው በፊት ከሆነ ግን ጸሐፊው በዩኒኮድ የግል መጠቀሚያ ክልል ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል። ዩኒኮድ በመሠረታዊ ሠንጠረዡ ውስጥ 6,400 ቦታዎችን ለዘለቄታው ለማንም ሳይሰጥ ትቷል፤ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ ተስማምተው የፈለጉትን ምልክት ያስቀምጡባቸዋል። ይህ ሙሉ በሙሉ ደረጃውን የጠበቀ አሠራር ነው፤ ግን የፊደሉ ማንነት የሚታወቀው በፎንቱ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ፎንቱ የሌለው ሰው የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ከሰጣችሁ ሰው ፋይሉን ብቻ አትቀበሉ፤ የተጻፈበትንም ፎንት ጠይቁ። ፎንቱ ከተገኘ እያንዳንዱ የግል ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚያሳይ ሰንጠረዥ አዘጋጅታችሁ ወደ ጋራ ቁጥሮቹ መቀየር ይቻላል፤ ሥራውን ፊደላቱን አሳምሮ የሚያነብ የቋንቋው ባለቤት ያርመው። ዋናውን ፋይልና ፎንቱን ግን ከተቀየረው ጋር አብራችሁ አስቀምጡ፤ በመቀየሩ ሥራ ስሕተት ቢገኝ ማመሳከሪያ የሚሆነው እርሱ ነው።